ለቁልቢ ጉዞ አዲስ መንጃ ፈቃድ ያወጣች ልጄን መሪ ላስይዛት ወይስ አላስይዛት?

ጥያቄ፤ የሳሪሱ አባት

ጤና ይስጥልኝ። ጉዳዬ ረዘም ያለ ስለሆነ በትዕግሥት እንድታነቡልኝ አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

የምንኖረው አዲስ አበባ ሳሪስ ሲሆን ባለቤቴ ተወልዳ ያደገችው ድሬዳዋ ነው። ስለት ሲኖርብን ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል እንሄዳለን፤ ከንግሡ በኋላ በደንገጎ ቁልቁለት ወርደን ድሬዳዋ አማቴ ቤት ጥቂት ቀን እንሰነብታለን። እስከ ዛሬ የተጓዝነው በአውቶቡስ ነበር። ዘንድሮ የራሳችን መኪና ስላለን በእሱ ለመሄድ አስበናል። መኪናው እ.ኤ.አ. በ2004 የተሠራ አውቶማቲክ ቶዮታ ቪትዝ ነው። የዛሬ ዓመት ከመንፈቅ በደላላ በኩል ስገዛው «ፍሬኑም ጎማውም አዲስ ነው» ተብዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሞተር ዘይቱን በወቅቱ አስቀይራለሁ፤ ዓመታዊ ምርመራውንም አልፎ ቦሎ ተለጥፎለታል፤ ከተማ ውስጥ አንድም ቀን አላስቸገረኝም። ሆኖም ባለፈው ወር ቤተሰቤን ይዤ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስንወርድ ከፊት ጎማዎቹ በኩል የሚያሳርር ሽታ መጣ፤ ወዲያው የፍሬኑ ፔዳል ከወትሮው ይልቅ ወደ ታች ጠለቀብኝ። ደግሜ ደጋግሜ ስረግጠው ያዘ። ቤት ደርሰን መኪናው ከቀዘቀዘ በኋላ ሁሉም ነገር እንደ ቀድሞው ሆነ፤ እኔም ለባለቤቴ ሳልነግራት ዝም አልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ሁለተኛው ጥያቄ የመጀመሪያ ልጄን ይመለከታል። ዕድሜዋ 19 ነው፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣች አራት ወር ሆኗታል። ቅዳሜና እሑድ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ከሳሪስ እስከ ቦሌ፣ አንዳንዴም እስከ ቃሊቲ ትነዳለች። ጥንቁቅና ተግሣጽ የምትቀበል ልጅ ናት፤ ከከተማ ውጭ ግን አንድም ቀን ነድታ አታውቅም። አሁን «አባዬ፣ ከአዳማ በኋላ እኔ ልያዘው፤ አንተም ታርፋለህ» ትለኛለች። እናቷ ነገሩን ጨርሶ መስማት አትፈልግም። እኔ በበኩሌ ከለከልኳት እንበል፣ ታዲያ መቼና የት ትለምዳለች? ብፈቅድላት ደግሞ ከኋላ የሚቀመጡት እናቷ፣ የ12 ዓመት ወንድሟና የ3 ዓመት እኅቷ ናቸው። ትንሿ እስከ ዛሬ የምትጓዘው በእናቷ ጭን ላይ ሆና ነው።

እኔም መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ስድስት ዓመት ቢሆነኝም ደንገጎን ራሴ ነድቼ አላውቅም። መንገዱን የምታውቁ፣ የመኪና ሙያ ያላችሁ፣ ልጆቻችሁንም መኪና ያስለመዳችሁ ሐሳባችሁን አካፍሉኝ።

መልስ፤ ባለ ጋራዡ

ወንድሜ፣ ዝም ማለትዎ ተገቢ አልነበረም፤ አሁን መጠየቅዎ ግን ትልቅ ነገር ነው። ያጋጠመዎት ነገር ጋራዥ ውስጥ ደጋግመን የምናየው ነው፤ ሰውን የሚያታልለውም መኪናው ሲቀዘቅዝ ምልክቱ መጥፋቱ ነው።

ሽታውና የፔዳሉ መጥለቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሽታው የሚመጣው ከፍሬን ሸራው ነው፤ ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬን ላይ እግር ሲያርፍ ሸራውና ዲስኩ እየተፋተጉ ይግላሉ፤ ከልክ በላይ የጋለ ሸራ ደግሞ የመያዝ አቅሙ ይደክማል። የፔዳሉ መጥለቅ ግን የፍሬን ዘይቱን ጉዳይ እንድንጠረጥር ያደርገናል። የፍሬን ዘይት እርጥበትን ከአየር እየሳበ የሚያጠራቅም ፈሳሽ ነው። «ዶት 3» የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላበት ዝቅተኛ መጠን 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ይህ መጠን እስከ 140 ይወርዳል፤ «ዶት 4» ደግሞ ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። የጋለው ዲስክ ሙቀት ወደ ዘይቱ ሲሻገር ያረጀው ዘይት ይፈላና እንፋሎት ይፈጥራል። ፈሳሽ ሲረገጥ አይታመቅም፤ እንፋሎት ግን ይታመቃል። ስለዚህ እግርዎ ወደ ታች ይሄዳል፣ ጎማው ግን አይያዝም። ደጋግመው ሲረግጡት መያዙ ከዚህ ጋር ይስማማል። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ወደ ፈሳሽነት ስለሚመለስ ፔዳሉ ጤነኛ ይመስላል፤ ዘይቱ ግን ያው ያረጀው ዘይት ነው፤ በሚቀጥለው ረጅም ቁልቁለትም ይደግመዋል። ደንገጎ ደግሞ ከእንጦጦ ይረዝማል።

ስለዚህ ጋራዥ ሲሄዱ «ፍሬኑን እይልኝ» ብለው ብቻ ቁልፉን አይስጡ። አራቱም ጎማ ይፈታ፤ የፊቶቹ ሸራዎች ምን ያህል እንደቀሩ በዓይንዎ ይዩ፤ 3 ሚሊ ሜትር ከደረሱ መቀየር አለባቸው። የኋላው ታምቡር ተከፍቶ ይታይ፤ ወደ ጎማው የሚሄዱት የጎማ ቱቦዎች መሰንጠቃቸው ይፈተሽ፤ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ካሊፐር ተይዞ እንዳይሆን ይረጋገጥ። ከዚያ የፍሬን ዘይቱ በአራቱም ጎማ በኩል ወጥቶ ሙሉ በሙሉ በአዲስ ይተካ። አዲስ የፍሬን ዘይት ቀጠን ያለ ሻይ ይመስላል፤ ከብዙ መኪኖች የምናወጣው ግን ቡና ሆኖ ነው። ደንበኞቼን ሁልጊዜ የምለምነው አንድ ነገር አለ፤ የፍሬን ዘይት ጎደለ ተብሎ ከላይ ዝም ብሎ አይሞላም። ሸራው እያለቀ ሲሄድ ዘይቱ ወደ ታች ስለሚወርድ የጎደለው ዕቃ «ሸራህን እይ» የሚል መልእክት ነው፤ የሚያንጠባጥብ ቦታም ሊኖር ይችላል። ቦሎውን በተመለከተ፣ ምርመራው በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት ፍሬኑ መያዙን ያያል እንጂ ዘይቱ ቁልቁለት ላይ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ አይለካም።

ወደ ጎማው ልምጣ። «አዲስ ነው» የተባለውን ጎማ ጥርሱን አይተው አይመኑት። በጎማው ጎን «ዶት» (DOT) ከሚለው ጽሑፍ በኋላ በትንሽ ሞላላ ክፈፍ ውስጥ አራት አኃዞች አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። አንድ ደንበኛ «3213» የሚል ጎማ አሳይቶኝ «ገና ነው እኮ» ብሎ ተከራከረኝ። 13ን በእኛ አቆጣጠር 2013 ብሎ አንብቦት ነበር። ቁጥሩ ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ2013 ዓመተ ምሕረት 32ኛ ሳምንት ማለት ነው፤ በእኛ ገና 2005 ነበር። በዚህ አንድ ስሕተት ጎማው በሰባትና በስምንት ዓመት ወጣት ሆኖ ታየው። ጎማው ጥርሱ ሙሉ ነው፤ በጥርሶቹ መካከል ግን የደረቀ ጭቃ የመሰለ ስንጥቅ ነበረው። ከስድስት ዓመት በላይ የሆነውን ጎማ ባለሙያ ያሳዩ፤ አሥር ዓመት የሞላውን ምንም ያህል ቢያምር አይጓዙበት። ስኮርቱንም (መጠባበቂያ ጎማውንም) አይርሱ፤ ፖርታባጋሊዮ ውስጥ ተደብቆ የሚያረጀው እሱ ነው። ነፋሱ የሚለካው ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ሲሆን ልኩ በሾፌሩ በር አካባቢ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ነፋሱ ያነሰ ጎማ በፈጣን መንገድና በመተሐራ ሙቀት ላይ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፤ የሚፈነዳውም በዚህ ምክንያት ነው።

ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ተራ ውኃ ከሆነ ወጥቶ በኩላንት ይተካ። በአዲስ አበባ ከፍታ ተራ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ሞተሩን ከዚህ የሚጠብቀው የክዳኑ ግፊትና ኩላንቱ ነው። ከሚኤሶ በኋላ ወደ አሰበ ተፈሪ ሲወጡ ሙሉ ቤተሰብና ዕቃ ጭነው ስለሚሆን የሙቀት መለኪያውን ይከታተሉ፤ ከፍ ካለ ይቁሙ፤ ክዳኑን በጭራሽ በትኩሱ አይክፈቱ።

የመጨረሻው ኤርባግ ነው። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ የጃፓን መኪኖች፣ ከቶዮታም ኮሮላና ያሪስን ጨምሮ፣ ታካታ የተባለው ኩባንያ ባመረተው ኤርባግ ጉድለት ምክንያት ለጥገና ተጠርተዋል፤ ጉድለቱ ኤርባጉ ሲፈነዳ የብረት ስብርባሪ መርጨቱ ነው። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ይዘው የአምራቹን የድረ ገጽ መፈለጊያ ወይም ወኪሉን ይጠይቁ። የመኪናው መሪ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ከሆነ ደግሞ የመሪው ሥራና ኤርባጉ መኖሩ ለብቻው ይታይ።

ይህን ሁሉ ከጉዞው ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድመው ያሠሩ። ከጋራዥ በወጣ ማግስት ረጅም መንገድ አይጀመርም።

መልስ፤ የምሥራቅ መስመር ሹፌር

ባለ ጋራዡ ስለ መኪናው በሚገባ ተናግሯል፤ እኔ ስለ መንገዱ ልናገር። 19 ዓመት ከአዲስ አበባ ድሬዳዋና ጅጅጋ መጀመሪያ በኢሱዙ፣ በኋላም በአውቶቡስ ተመላልሻለሁ።

ጋሼ፣ ልጅዎ «ከአዳማ በኋላ» ማለቷ መንገዱን ካለማወቅ የመጣ ነው፤ አይፈረድባትም። ከአዳማ እስከ አዋሽ ያለው መንገድ የጅቡቲ ተሳቢዎች የሚተላለፉበት ነው። ተሳቢ ለመቅደም የሚያስፈልገውን ርቀት በዓይን መገመት ለጀማሪ ከምንም በላይ ከባድ ነው። እርስዎ በ80 እየሄዱ ከፊት የሚመጣውም በ80 ከሆነ በአንድ ሰከንድ ውስጥ በመካከላችሁ ያለው መንገድ 44 ሜትር ያህል ያጥራል። አምስት ሰከንድ ያመነታ ሰው ከ200 ሜትር በላይ አጥቷል። በዚህ ላይ የበሰቃ ሐይቅን ካለፋችሁ በኋላ ግመልና ፍየል ሳይታሰብ አስፋልት ይገባል። አንድ ግመል ከተሻገረ ሌሎቹ እንደሚከተሉት አውቃችሁ ጠብቁ፤ ጡሩንባ እየነፉ በመካከላቸው ለማለፍ መሞከር ያስደነግጣቸዋል።

ከአሰበ ተፈሪ በኋላ ሂርናን፣ ጨለንቆን ይዞ እስከ ቁልቢ ያለው ደጋ ደግሞ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ የጫት መኪኖችም ጫታቸው ሳይጠወልግ ገበያ ለመድረስ በሚያስፈራ ፍጥነት ይበራሉ። ከኋላ መብራት እያበራ የሚመጣ የጫት መኪና ካያችሁ ቀኛችሁን ይዛችሁ አሳልፉት፤ ከእሱ ጋር እልህ መጋባት አይጠቅምም። ወደ ንግሡ ሲቃረብ መንገዱ በእግረኛ ምእመናን ይሞላል፤ ድንጋይ የተሸከመ፣ በእንብርክኩ የሚሄድ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጓዝ አድሮ የደከመ ሰው ነው የምታገኙት። እዚያ መሪ መያዝ ያለበት ልምድ ያለው ሰው ነው።

አሁን ስለ ደንገጎ። ከመገንጠያው ወደ ግራ ታጥፈው ሲወርዱ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ 1,200 ሜትር ገደማ ወዳለችው ድሬዳዋ ነው የሚሄዱት፤ መንገዱም ኩርባ በኩርባ ነው። የድሮ ሹፌሮች ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረደው ይሉ ነበር። ሥራው የሚጀምረው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ደንገጎ ላይ ቁሙ፤ ሁሉም ይውረድ፤ ሻይ ጠጡ፤ ፍሬኑ ይቀዝቅዝ። ሲነሱ የማርሹን ዘንግ ከ«ዲ» ወደ «2» ያውርዱት፤ በጣም ዝቅ የሚልበት ቦታ ላይ ወደ «ኤል»፤ ግን መኪናው ዝግ ብሎ ሳለ። ሞተሩ ሲጮህ አይደንግጡ፤ ጩኸቱ ሞተሩ መኪናውን እየያዘልዎት መሆኑን ነው የሚነግርዎት። ፍሬኑን ሳሳ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ከመርገጥ ይልቅ ጠበቅ አድርጎ ረግጦ ፍጥነቱን በሚገባ ማውረድ፣ ከዚያ እግርን ፈጽሞ ማንሳትና እንዲተነፍስ መተው ነው ትክክሉ። ፎሌ አድርጎ (ማርሹን ነፃ አድርጎ) መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው ወሬ ለዛሬ መኪና አይሠራም፤ በኮምፒውተር የሚሠራ ሞተር ማርሽ ውስጥ እያለ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ራሱ ነዳጁን ይዘጋዋል። ሞተር አጥፍቶ መውረድማ የመሪውንም የፍሬኑንም አጋዥ ኃይል ማጥፋት ነው።

አንድ ጊዜ፣ ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ ጭነት ይዤ ስወርድ በመጀመሪያ ሽታው መጣ፤ ቀጥሎ በስፖኪዮ ከኋላ ጎማ ጭስ አየሁ። ረዳቴ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ አስገባ። እኔ ውኃ ላፈስበት ጀሪካን ሳነሳ አንድ ሽማግሌ ሹፌር ከኋላ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ፤ «ብረቱ ይሰነጠቅብሃል፤ ተቀመጥ» አለኝ። አንድ ሰዓት ያህል ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እርስዎም ሽታው ከመጣ ወደ ቀኝ ወጥተው ይቁሙ፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ ያስገቡ፣ ይጠብቁ እንጂ «ትንሽ ነው የቀረው» ብለው አይቀጥሉ። መቆሚያ ሳያገኙ ፔዳሉ ቢጠልቅብዎት እየደጋገሙ ይርገጡት፤ ማርሹን ወደ ታች ያውርዱ፤ የእጅ ፍሬኑን፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭነው ይዘው፣ ቀስ በቀስ ይሳቡት፤ ባንዴ ከሳቡት የኋላው ይንሸራተታል።

ለልጅዎ የምመክረው ይህ ነው። ጉዞው ከመድረሱ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ማለዳ ይዘዋት እስከ አዳማ በፈጣን መንገዱ ደርሳችሁ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው ይህ መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አጥር አለው፤ ከፊት የሚመጣ የለበትም። እስከ 120 ተፈቅዷል ብላ እንዳትበር፤ ቀኙን ይዛ በ80 ትሂድ። ፊቷ ያለው መኪና አንድ ምልክት ሲያልፍ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት፣ አንድ ሺህ ሦስት» ብላ ቆጥራ ሳትጨርስ እዚያ ምልክት ላይ ከደረሰች ተጠግታለች ማለት ነው። በጉዞው ቀን ይህንኑ የለመደችውን ክፍል ትንዳ። ከአዋሽ እስከ ሚኤሶ ባለው መንገድም የመኪናው ብዛት ሳሳ ካለ ልታግዝዎት ትችላለች። የተሳቢውን፣ የንግሡንና የደንገጎን እርስዎ ይያዙት።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሱ፤ አሰበ ተፈሪ እደሩና በማግስቱ ቀጥሉ። በየሁለት ሰዓቱ ውረዱ። ምሽት ላይ የተበላሸ መኪና ያለ መብራት መንገድ ላይ ቆሞ፣ ከኋላው ቅጠልና ድንጋይ ብቻ ተደርጎለት ታገኙታላችሁ፤ ድንጋዩም መኪናው ከተነሳ በኋላ እዚያው ይቀራል። በሌሊት ያን ድንጋይ የሚያየው ሰው የለም።

መልስ፤ ነርሷ

ከሁሉም በፊት ስለ ትንሿ ልጅ መናገር አለብኝ። የምሠራው ድንገተኛ ክፍል ነው።

እናት ልጇን በጭኗ አቅፋ ስትጓዝ የጠበቀቻት ይመስላታል፤ ፍቅሩ እውነት ነው፣ ጉልበቱ ግን አይበቃም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከቆመ ነገር ጋር ሲጋጭ 14 ኪሎ የምትመዝን ልጅ ለዚያች ቅጽበት ከ300 ኪሎ በላይ የሆነች ያህል ወደ ፊት ትሳባለች። ማንም ክንድ ይህን አይዝም። እናቲቱ ቀበቶ ካላሰረች ደግሞ ልጇ በእሷና በፊተኛው ወንበር መካከል ትሆናለች። ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት ሳይሆን፣ ደርሰውብን ምንም ልናደርግላቸው ያልቻልናቸውን ልጆች ስለማልረሳ ነው።

ስለዚህ የልጆች ወንበር ይግዙ ወይም ይዋሱ፤ ከኋላ መቀመጫ ላይ በመኪናው ቀበቶ በጉልበትዎ ተጭነው ያጥብቁት፤ ወንበሩን ጨብጠው ሲያወዛውዙት ከአውራ ጣት ስፋት በላይ መነቃነቅ የለበትም። የደረቷ ማሰሪያ ሥር ወፍራም ጃኬት አይኑር፤ ከታሰረች በኋላ ከላይ ያልብሷት። የ12 ዓመቱ ልጅ ቁመቱ 1 ሜትር ከ50 ካልደረሰ ቀበቶው አንገቱ ላይ ሳይሆን ትከሻው ላይ እንዲያርፍ ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ ያስፈልገው ይሆናል፤ አስቀምጠው ይዩት። ፊት ወንበር ላይ ከኤርባግ ፊት ሕፃን አይቀመጥም።

ዛሬውኑ አንድ ነገር ይፈትሹ። የኋላ ቀበቶዎቹ አሉ? በብዙ መኪኖች የወንበር ልብስ ሲሰፋ የቀበቶው መቆለፊያ ከሥር ይቀበራል፤ ባለቤቱም ለዓመታት መኖሩን አያውቅም። ዕቃን በተመለከተም፣ የጠበል ጀሪካን ከኋላ መስኮቱ ሥር ካለው መደርደሪያ ላይ አይቀመጥ፤ መኪናው ድንገት ሲቆም ጭንቅላት ላይ ነው የሚያርፈው። ስልክዎ ላይ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907ን እና የፖሊስ 991ን ይመዝግቡ።

መልስ፤ የሳሪሱ አባት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነርሷ የጻፉትን ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ የእንጦጦውንም ነገር በዚያው ነገርኳት። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ልጄ ከጉዞው በኋላ መኪናውን ከጓደኞቿ ጋር ለመውጣት እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ፤ እኔ አጠገቧ ስሆን የማየው አነዳድ እኔ በሌለሁበትም እንደሚቀጥል በምን ላውቅ እችላለሁ?

መልስ፤ የቨርጂኒያዋ እናት

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምጽፍልዎት፤ ሁለት ልጆቼን እዚህ መኪና አስለምጃለሁ። እርስዎ የጠየቁት ነገር እዚህ አገር በሕግ የተመለሰ ስለሆነ አሠራሩ ይጠቅምዎ ይሆናል። ቨርጂኒያ ውስጥ ልጅ በ15 ዓመት ከ6 ወር የመለማመጃ ፈቃድ ይወስዳል፤ ከዚያ ወላጅ አጠገቡ ተቀምጦ ቢያንስ 45 ሰዓት ማስነዳት አለበት፤ ከዚህ ውስጥ 15ቱ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መሆን አለበት። ሰዓቱን ወላጅ መዝግቦ ይፈርማል። ፈቃዱን ካገኘ በኋላም ዕድሜው ከ18 በታች ከሆነ በመጀመሪያው ዓመት ከቤተሰቡ ውጭ ከ21 ዓመት በታች የሆነ አንድ ተሳፋሪ ብቻ ነው እንዲጭን የሚፈቀድለት፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ደግሞ በአብዛኛው መንዳት አይችልም።

ልጅዎ 19 ዓመቷ ስለሆነ እዚህም ብትሆን ይህ ሕግ አይመለከታትም፤ ልምዷ ግን የአራት ወር ነው፤ ሕጉ የተሠራበት ምክንያት ደግሞ ልምድ ማጣት ነው። ወጣት ተሳፋሪ በበዛ ቁጥር የጀማሪ ሾፌር አደጋ እንደሚጨምር በጥናት የታወቀ ነገር ነው። እኔ ከትልቁ ልጄ ጋር ያደረግነው አንድ ደብተር መክፈት ነበር፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ዝናብ ይሁን ጨለማ፣ ያስደነገጠውንም ነገር እሱ ራሱ ይጽፋል። በመጀመሪያው ወር ምንም የሚያስደነግጥ ነገር አልጻፈም። በሦስተኛው ወር «እግረኛዋን ያየኋት እማማ ከጮኸች በኋላ ነው» ብሎ ጻፈ። ያን ቀን ነው ቁልፉን ለብቻው ልሰጠው እንደምችል ማመን የጀመርኩት፤ ምክንያቱም ስሕተቱን አይቶ ደፍሮ ጽፎታል።

ስልኩ ጓንት ቦክስ ውስጥ ይገባል፤ ይህ ለእኔም ይሠራል። እናቱ መሪ ይዛ ስልክ ስታነሳ እያየ ያደገ ልጅ የእናቱን ቃል ሳይሆን እጇን ነው የሚከተለው። ሌላ አንድ ውል ነበረን፤ የትም ቦታ፣ በየትኛውም ሰዓት ለመንዳት ካልተመቸው፣ ከደከመው ወይም ከጠጣ ደውሎልኝ እመጣለሁ፤ በዚያች ሌሊት አልቆጣውም። ሁለት ጊዜ ደውሏል።

መልስ፤ የኢንሹራንስ ሠራተኛ

በአጭሩ ልጨምር። የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ የግዴታ ነው፤ የራስዎን መኪና ጉዳት ግን አይሸፍንም። ሙሉ ኢንሹራንስ ካለዎት ልጅዎን መሪ ከማስያዝዎ በፊት ውሉን ያንብቡ፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ጥቂት ጊዜ የሆነውን ወይም ወጣት ሾፌርን በሚመለከት ባለ መኪናው ከራሱ የሚከፍለው ተጨማሪ መጠን ተጠቅሶ እንደሆነ ይፈልጉ። ግልጽ ካልሆነ ለመድን ድርጅትዎ በጽሑፍ አመልክተው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

መልስ፤ የሳሪሱ አባት

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

ፍሬኑ ሲፈታ የፊት ቀኙ ሸራ ብረቱ ጋ ሊደርስ ጥቂት ነበር የቀረው፤ የግራው ግን ግማሽ ያህል አለው። የቀኙ ካሊፐር ተይዞ ኖሮ ለብቻው ሲፋተግ ከርሟል። ዘይቱ ባለ ጋራዡ እንዳሉት ቡና ሆኖ ወጣ። ጎማዎቹ ሦስቱ «1114» የሚል አላቸው፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ስገዛ ቁጥሩን አይቼ በእኛው 2014 መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አራቱንም ቀይሬያለሁ፤ ለስኮርቱም ቆይቶ ገንዘብ ይገኝለታል ብዬ ነበር፤ ባለቤቴ ግን አልተወችኝም፣ እሱም ተቀየረ።

እንጦጦን ከልጄ ጋር ሁለት ጊዜ ወረድነው። መጀመሪያ እኔ በ«2» ወረድኩ፤ ታች ስንደርስ ወርዳ እጇን ወደ ጎማው አስጠጋችና «አባዬ፣ አልጋለም እኮ» አለችኝ። ሁለተኛውን እሷ ወረደችው። አዳማም ሦስት ጊዜ ደርሰናል። ደብተር ከፍታለች፤ በሁለተኛው የአዳማ ጉዞ ላይ «ተሳቢ ሲያልፈኝ መሪውን ያለ ልክ ጨበጥኩ፣ ትከሻዬ እስከ ማታ አመመኝ» የሚል አነበብኩ። ለቁልቢ የሚኖራት ድርሻ ፈጣን መንገዱ ብቻ እንዲሆን ተስማምተናል፤ እናቷም ይህን ተቀብላለች።

የልጆች ወንበር ከባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ተውሰናል። የወንበሩን ልብስ ስናነሳ የኋላ ቀበቶዎቹ መቆለፊያዎች ከነፕላስቲካቸው ተቀብረው አገኘናቸው፤ የግራው ግን ገብቶ አይቆለፍም፤ ሲሳብ ይወጣል። ትንሿ የምትቀመጠው በዚያ በኩል ስለሆነ ሳይሠራ አንነሳም። ትክክለኛውን የቪትዝ መቆለፊያ መለዋወጫ ሱቅም ይሁን ሌላ ቦታ ያየ ካለ እባካችሁ ጻፉልኝ።